ለክቡር ክብ ማህተም፣ ባሉበት መሳቢያ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ሰው ስላልነበረ አልተሰጠም
ጉዳዩ፦ የመንግሥትን መስፋትና መጥበብ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ቀለምዎ አልደረቀም? እኛ ደህና ነን። ደህና ለመሆናችን ማስረጃ ካስፈለገ ደግሞ ያው እርስዎ ዘንድ መምጣታችን አይቀርም።

ሰሞኑን የተማሩ ሰዎች ስለ መንግሥት መጠን ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ወገን መንግሥት ተንዛዝቷል፣ እጁን ይሰብስብ፣ ገበያውን ለነጋዴው ይተው ይላል። ሌላው ደግሞ እንደኛ ያለ ደሃ አገር ያለ ጠንካራ መንግሥት አይቆምም፣ እጁን ከሰበሰበ ያለው የሌለውን ይውጠዋል ይላል። ሁለቱም የሚሉት አላጡም። የገረመኝ በዚያ ሁሉ ክርክር የእርስዎ ስም አንዴ እንኳ አለመነሳቱ ነው። ስለ መንግሥት እያወሩ እርስዎን መዝለል፣ ሠርግ ደግሶ ሙሽራዋን እንደ መርሳት ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው። በ1997 ምርጫ ሰሞን መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል እየተባለ በቴሌቪዥን ሲፋጩ፣ አገር ሥራ ፈቶ ያይ ነበር። ቆይቶ ልማታዊ መንግሥት የሚባለው መጣ። አቶ መለስ ዜናዊ መንግሥት የሌሊት ዘበኛ ብቻ ሆኖ ይቅር፣ ጸጥታ ከመጠበቅ አልፎ ገበያ ውስጥ አይግባ የሚለውን ሐሳብ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። እኛ ሰፈር ግን ይሄ ነገር ትንሽ ግራ ያጋባል። የሌሊት ዘበኛችንን የምንቀጥረው እኛው ነን፤ በየወሩ አዋጥተን። ካፖርቱንም የገዛንለት እኛ ነን።

ከዚያ ደግሞ ቆጠራው መጣ። ጥቅምት 2011 ላይ ሚኒስቴሮች ከ28 ወደ 20 ወረዱ፣ ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ፣ ተጨበጨበ። በ2014 ደግሞ 22 ሆኑ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 የጀመሩት በ9 ነበር። ቆጠራ አይከፋም። ግን ክቡር ሆይ፣ ስምንት ሚኒስቴር ሲቀነስ ከእርስዎ ደጅ አንድ ሰልፈኛ ቀነሰ? ሁለት ሲጨመርስ አንድ መስኮት ተከፈተ? እኔ በዕድሜዬ ሚኒስትር አግኝቼ አላውቅም። መንግሥት ሲባል የማውቀው እርስዎን ነው።

ዘርዎ እንደሆነ ትልቅ ነው። አያትዎ በነገሥታቱ ደብዳቤ አናት ላይ ይቀመጡ ነበር። «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብለው ይጀምራሉ፤ ፊርማ አያስፈልግም፤ እርሳቸው ካረፉበት አለቀ። የሚይዛቸውም ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ታላቅ ሹም ነበር። ያ ዘመን መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ጭቃ ሹሙና መልከኛው ገበሬውን ምን ያደርጉት እንደነበር ይታወቃል። ግን ገበሬው በደሉን ቻለው እንጂ ማህተም ፍለጋ አልተንከራተተም። ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞት እርስዎ አልነበሩም።

ወደ ሰፈር የወረዱት በደርግ ጊዜ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ፤ ቁጥር 47። ቦታው የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤቱ ተወረሰ፣ ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌ ሲመጣ እርስዎም አብረው መጡ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻልዎት! ስኳር በእርስዎ፣ ሳሙና በእርስዎ፣ የኅብረት ሱቅ ካርድ በእርስዎ። ዘመድ ለመጠየቅ ከከተማ ለመውጣት እንኳ የይለፍ ወረቀት፣ ያውም በእርስዎ። በዚያ ዘመን በቀበሌ ግቢ ውስጥ የሆነውን ሌላውን ነገር አላነሳም። ሽሙጥ የማይሸከመው ነገር አለ።

ደርግ ሄደ። እርስዎ ቀሩ። መሐልዎ ላይ የነበረው ዓርማ ተፍቆ ሌላ ተቀረጸ እንጂ ክብነትዎን የነካ የለም። አዲስ አበባ ላይ ከፍተኛው ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌው ወረዳ ተባለ። ሰዉ ግን ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው፤ ማን ዘንድ ደርሶ እንደመጣ ስለሚያውቅ። አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት በነገሠበት ጊዜማ ጎረቤት ቡና የተጠራራበትም ቃለ ጉባኤ ሊያዝለት ምንም አልቀረውም ነበር።

እርስዎን ለማሰልጠን ያልተሞከረ የለም። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፤ ቢኤስሲ መጣ፤ ከጃፓን ድረስ ካይዘን መጣ። ከእነዚህ ሁሉ የተረፈን ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይጠናቀቃል ይላል። ሰሌዳው አይዋሽም። ችግሩ ደቂቃው መቆጠር የሚጀምረው ቁልፍ ያዥዋ ስትመጣ መሆኑ ነው።

በቀደም ያየሁትን ልንገርዎ። እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ስለነበሩ አላዩትም።

አንድ አዛውንት ጎረቤታችን እግራቸው አላራምድ ብሏቸው ጡረታቸውን በልጃቸው ወኪልነት ሊቀበሉ ፈለጉ። ለዚህ በሕይወት ስለመኖራቸው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ደግፈን አመጣናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ መስኮቱ ፊት ቆሙ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎ አያቸውና «አባባ፣ የታደሰ መታወቂያ ይዘዋል?» አላቸው። የእሳቸው አልታደሰም። «እኔው ራሴ መጥቻለሁ እኮ ልጄ» አሉት። «እሱማ አየሁዎት አባባ፤ ግን ማየት ማስረጃ አይሆንም።» ትሕትናው ልብ ይነካል። የአዛውንቱን መኖር ማንም አልካደም፤ ዋናው ጥያቄ በምን ቁጥር ወጪ ይሆናል ነበር።

መታወቂያው በስንት ልመና ታደሰ እንበል። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ኃላፊው ፈረሙበት፣ ቲተር አረፈበት። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ነዎት። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉ ያላት ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። ይቅናት፤ ለቅሶ የማይደረስበት አገር ይጥፋ። ግን ነገሩን ልብ ይበሉት። የሞተ ሰው ሊቀበር ስለሆነ፣ ያልሞተ ሰው አለመሞቱ ሳይረጋገጥ ዋለ።

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ደጃፍዎን ቃኘሁት። መንግሥት የግሉን ዘርፍ አቀጭጯል የሚሉ ሰዎች ይህን ደጃፍ አላዩትም ማለት ነው። ግራና ቀኙ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አጠገቡ ጉርድ ፎቶ ቤት፣ ጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ክላሰር ሻጭ፣ «ጉዳይዎ ምንድነው፣ በአቋራጭ ላስጨርስልዎ» የሚል ሸበላ ልጅ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ በእርስዎ ነው የሚያድረው። ኢንቨስትመንት ብለው ይመዝግቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያን ዕለት ከፊቴ የነበረች ልጅ መሸኛ ፈልጋ ነው። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ልትዛወር ነው። ፋይሏ ያለው እዚህ ነው። የሚፈልገው እዚያ ያለው ወረዳ ነው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። በመካከላቸው የታክሲ መንገድ ነው ያለው። ወረቀቱን ከአንደኛው ተቀብላ ለሌላኛው የምታደርሰው እሷ ናት፤ በራሷ ታክሲ፣ ከሥራዋ ፈቃድ ለምና። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰው ያላገባ ማስረጃ ፈልጓል። የጋብቻ መዝገብ የሚይዘው መንግሥት ነው። አግብቶ እንደሆነ መዝገቡ ያውቃል። የለም፤ ምስክር ይዞ መጥቶ፣ መንግሥት የሚያውቀውን ነገር ለመንግሥት አስረድቶ፣ በእርስዎ አስመትቶ፣ ለሌላ መንግሥት ቢሮ ይወስዳል።

ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ድሮ ይህን የሚሠራ ተላላኪ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ደመወዝ ነበረው። ካኪ ልብስም ይሰጠው ነበር።

ስለዚህ ምሁራኑ መንግሥት ስንት ሠራተኛ አለው ብለው ሲቆጥሩ ትልቅ ነገር ዘለዋል። እኛን አልቆጠሩም። በየማለዳው ክላሰር ታቅፎ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰው ሁሉ የመንግሥት ተላላኪ ነው። ይህ ሕዝብ ቢደመር መንግሥታችን እንኳን ሊጠብ፣ ከሕዝቡ ጋር እኩል ሆኖ ይገኛል። የአበል ጥያቄያችንን እስካሁን ያላቀረብነው በትሕትና ነው። የዓመት ፈቃድ ግን እንፈልጋለን። ካኪውንም ካለ።

በውጭ ያሉት ወገኖቻችንም ቅጥራቸው አልተቋረጠም። ዋሽንግተን ያለ ሰው እናቱ ቤት እንዲሸጡለት ውክልና ሊልክ ነው እንበል። ኤምባሲው ይመታበታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያ ማህተም እውነተኛ ነው ብሎ ይመታበታል። ከዚያ ውልና ማስረጃ። አንዱ ወንድምዎ ስለሌላው ወንድምዎ ይመሰክራል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ራሱን ሲያመሰግን እንደመስማት ነው እንዳልል፣ ሙሽራዋን አንስቼ ጨርሻለሁ።

የሚገርመው በሌላ በኩል ሲፈለጉ አይገኙም። የዋናው መንገድ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሲፈስ ይሰነብታል፤ የሚደርስ የለም። አንድ ሰው በዝናብ የሚያፈሰውን የሽንት ቤቱን ቆርቆሮ ሊቀይር መሰላል ሲያቆም ግን ደንብ አስከባሪ ከሰዓት አይደርስበትም፤ በጠዋቱ ከች ነው። ታዲያ ይሄ መንግሥት ሰፊ ነው ጠባብ? ተከራካሪዎቹ ይንገሩኝ። የሚያንስበትንና የሚበዛበትን ቦታ አቀያይሮት ይሆናል።

ሁሉን ልተች ብዬ አይደለም። በ2016 የቤት ኪራይ አዋጅ ሲወጣ፣ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ አከራይ እንዳሻው አይጨምር ሲባል ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በሦስት ወሩ «ልጄ ከውጭ እየመጣ ነውና ልቀቅ» የተባለ ሰው የመንግሥትን እጅ አይጠላም። እዚያ ቦታ ላይ እጁ ይርዘም፤ ማንም አይከፋውም። ውሉን ለማስመዝገብ በተራችን እርስዎ ዘንድ መምጣታችንንም ችለነዋል። ተከራዩ ሥራውን ጥሎ፣ አከራዩ ሱቁን ዘግቶ፣ ሁለቱ ተኳርፈው አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ትንሽ ያስተዛዝባል።

ተስፋም አለ ይላሉ። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል። የአሥር ጣቴን አሻራና የዓይኔን ብሌን ሰጥቼ ቁጥር ተቀብያለሁ። በ2017 መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ተከፍቷል፤ ብዙ መሥሪያ ቤት አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቧል። በሐሳቡ ማንም አይጣላም። ባለጉዳዩ እንዳይዞር ቢሮዎቹ ይሰብሰቡ ማለት ነው፤ የተላላኪነታችንን ነገር አንድ ሰው አስቦበታል። እኛ ወረዳ ግን ነገሩ ገና አልተወራም። የፋይዳ ቁጥሬን ሳሳያት ልጅቷ በደስታ ተቀበለችኝና «ኮፒ አድርገህ አምጣውና ማህተም ይመታበታል» አለችኝ። የዓይኔ ብሌን እንኳ ያለ እርስዎ አይታመንም።

በዚያ ላይ አዲስ ባልደረባ አግኝተዋል፤ ሲስተም የሚባል። እርስዎ ቢያንስ ይቆለፋሉ እንጂ አይጠፉም። እሱ ደህና ሲሠራ ይቆይና ልክ ተራዬ ሲደርስ «የለም» ይባላል። ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ለቅሶም አይደርስም።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ጠፍተው ይቅሩ አልልም። ፍርድ ቤት ሲፈርድ ይምጡ፤ ቦታ ሲሸጥ ይምጡ፤ ዲግሪ ሲሰጥ ይምጡ፤ ያለ እርስዎ እዚያ የሚሆነውን አስመሳይ እናውቀዋለን። ግን መንግሥት ራሱ የጻፈውን ነገር ለራሱ ለማስረዳት ሲፈልግ እባክዎ እርስ በርስ ይላላኩ። ስልክ አለ። ሞተር ሳይክልም አለ። ሁሉም ካቃተ፣ ያው እኛ አለን፤ በደመወዝ።

አዛውንቱ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ቁልፉ ተገኝቶ፣ እርስዎ ወጥተው፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ተሰጥቶዎት ወረቀቱ ላይ አረፉ። ቀለምዎ ግን ደርቆ ኖሮ ግማሽዎ ብቻ ነው የታየው። ጡረታ ቢሮ ሄደው ሲያሳዩ ግማሹ አይነበብም ተብሎ ተመለሰ። አሁን ባለው መረጃ መሠረት ጎረቤታችን በግማሽ ያሉ ሰው ናቸው።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ባለጉዳይ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ እንደተለመደው እንዲጠፋልን
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በአምስት ቅጂ
ለሲስተም፣ ሲመለስ
ለቁልፍ ያዥዋ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናሽ። ቁልፉን ግን ለሌላ ጊዜ ለሰው ሰጥተሽ ሂጂ።