የኢንተርኔትን ባለቤት ሩቅ አትፈልጉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር «ይሄ እኮ የአሜሪካ ነው፤ ሲፈልጉ ያጠፉታል» ትላላችሁ። ከዚያ ስልካችሁን ኪሳችሁ ትከታላችሁ። በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ!

ሁሉን የሚያጠፋ አንድ ቁልፍ የለም። የዶሜይን ስሞች (የድረ ገጾች ስም) እና የአይፒ ቁጥሮች (ኢንተርኔት ላይ ያሉ መሣሪያዎች አድራሻ) እንዳይጋጩ የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ሥራ ላይ የነበረውን የውል ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ2016 ለቅቋል። ድርጅቱ ዛሬም የሚተዳደረው በካሊፎርኒያ ሕግ መሆኑ ቅር ካሰኛችሁ ተከራከሩ፤ መብታችሁ ነው። ግን እናንተ ስለምትለጥፉት ነገር አይካን ጉዳዩም አይደለም።

ታዲያ ማነው የሚያጠፋው? እ.ኤ.አ. በ2011 ግብፅ ከኢንተርኔት ስትጠፋ ያዘዘው የራሷ መንግሥት ነው። ትእዛዙን የፈጸሙትም እዚያው ያሉ አገልግሎት ሰጪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ ዩቲዩብን ለመዝጋት ተብሎ፣ የአገሪቱ ቴሌኮም «ወደ ዩቲዩብ የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ነው» የሚል የሐሰት መረጃ ለቀቀ። መረጃው ድንበር ተሻገረ። ኔትወርኮች አንዱ የሌላውን ቃል አምነው ስለሚሠሩ፣ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ገደማ ከአብዛኛው ዓለም ጠፋ። ዋሽንግተን ማንም ምንም አልነካም።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር የተማራችሁ፣ እናንተን ነው የምለው! የኢንተርኔት ቴክኒካዊ ደንቦች የሚወጡት አይኢቲኤፍ በሚባል ስብስብ ነው። (ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው በአብዛኛው በኢሜይል መከራከር ነው።) አባልነት የሚባል ነገር የለውም። ድምፅ ተሰጥቶ አይቆጠርም፤ ሰፊ ስምምነት ላይ እስኪደረስ ክርክር ነው። ኢሜይል ያለው ሁሉ ሐሳቡን መስጠት ይችላል። ታዲያ በብዛት የምታገኙት ማንን ነው? የትልልቅ ኩባንያ መሐንዲሶችን፤ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይከራከራሉ። በሩ ክፍት ሆኖ ሳትገቡ «ማን ጠየቀን?» ማለት ምን ይባላል?

መሐንዲስ ያልሆናችሁም አታመልጡም። በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ሲቋረጥ ዋሽንግተንን ተዉአት። በየወሩ የምትከፍሉትን አገልግሎት ሰጪ ያዙት፦ ማን አዘዘህ? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ? መልሱንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።