እረፍት ያጣው «አደረገ»

የእንግሊዝኛ ግስ ወደ አማርኛ ጽሑፍ ብቻውን አይገባም፤ «አደረገ» የሚባል አሽከር ያስከትላል። ባለቤቱን፣ ጊዜውንና ተደራጊውን የሚሸከመው ይህ አሽከር ሲሆን ጌታው «ቼክ» ወይም «ኢንጆይ» እንደተባለ፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት ከፊት ከፊት ይንጎማለላል። ቀደም ብለው የመጡት እንግዶች እንዲህ አልነበሩም፤ ከጣልያንኛ የገባችው «ፊርማ» ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ እያለች እንደ አገሬው ግስ ስትረባ ትኖራለች።

ዛሬ አንድ ጸሐፊ ሐሳቡን ቁልጭ አድርጎ ለመግለጽ ሲፈልግ «አመሻሽ ላይ ወክ አደረግን» ይላል። አዝግመው ይሁን ገስግሰው፣ ተንሸራሽረው ይሁን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲንጎራደዱ፣ አንባቢ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን «ሚስ አደረግኩህ» ነው። «ናፈቅኸኝ» ስንል የግሱ ባለቤት ሩቅ ያለው ሰው ነው፤ ናፍቆቱ የሚደርስብን እኛ ላይ ነው። በአዲሱ አነጋገር ግን ናፋቂው አድራጊ፣ የተናፈቀው ምስኪን ደግሞ ተደራጊ ሆኖ ያርፈዋል። (እኔ በበኩሌ «አደረግኩህ» የሚል መልእክት በደረሰኝ ቁጥር ምን ተደርጌ ይሆን ብዬ ሰውነቴን እዳብሳለሁ።) በኀዘን መልእክት ላይ «ሁሌም ሚስ እናደርግሃለን» ተብሎ ሲጻፍማ፣ ሟቹን መቃብር ድረስ ተከትሎ የሚሄድ ዛቻ ይመስላል።

«ላይክ አደረገ» የሚለውን ግን አልወቅስም። ልብ ሳይሰማ ጣት ብቻዋን የፈጸመችውን ድርጊት «ወደደ» ብሎ መጻፍ በሐሰት መመስከር ይሆናል።

የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ስንደርስ አሽከሩ ጭራሽ ትንፋሽ ያጥረዋል፦ «ችግሮቹን አይደንቲፋይ አድርገን፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ዲስከስ አድርገን፣ ሶልቭ ለማድረግ ፕላን አድርገናል።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ እንግሊዝኛውን ብናነሣ ከችግሮቹና ከባለድርሻዎቹ ጋር የሚቀረን «አድርገን፣ አድርገን፣ ለማድረግ አድርገናል» ብቻ ነው፤ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን እንደ ሠራ ባይገልጽም ለሁሉም መሥሪያ ቤት፣ ለሁሉም ዓመት ያገለግላል። ኃላፊውም ሳያነቡ አፕሩቭ ያደርጉታል።