ዘይቱ የጠፋው ከዓይን ነው

ሰሞኑን አንድ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ፣ ነዳጅ የተቀላቀለበት ውኃ በበታኝ ኬሚካል «ጸድቶ» ወንዝ እንዲገባ ፈቅደው ሲያበቁ «ከላይ የሚታይ ዘይት የለም፤ ታዲያ ዓሣውን ምን ይነካዋል?» አሉ። መልሱን ከፈለጉት አለ።

ዓሣ የሚኖረው ውኃው ላይ ሳይሆን ውስጡ ነው። በታኙ ደግሞ ዘይቱን ይሰባብረዋል እንጂ አያጠፋውም። ንጣፉ ዓይን ወደማይለያቸው ጠብታዎች ሲበተን ከውኃው ጋር የሚነካካበት ገጽ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ በዘይቱ ውስጥ ያሉት መርዛማ ውህዶች፣ ናፍታሊን፣ ፌናንትሪንና መሰሎቻቸው፣ ቶሎ ይሟሟሉ። በስንጥብ ይገባሉ፤ የእንቁላል ሽፋንም አያግዳቸውም። በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም እንኳ የጽንሱን የልብ ምት ሊያዛባና በልቡ ዙሪያ ፈሳሽ ሊያቁር ይችላል። የተፈለፈለው ዓሣ ወዲያው ስላልሞተ ማንም አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው የነዳጅ መርከብ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ስትሰበር ዘይቱን ለመበተን 10,000 ቶን ገደማ ማጽጃ ተረጨ፤ ከዘይቱ ይልቅ የጠረፉን የባሕር ፍጥረት የፈጀው ማጽጃው ነበር። የዛሬዎቹ በታኞች ለዘብ ያሉ ናቸው፣ እሺ። የዘይቱን መርዝ ግን አያለዝቡትም። ሰፊ ባሕር ላይ ማዕበል ያቀጥነው ይሆናል፤ በጠባብ ወንዝ ወዴት ይሂድ?

«ዘይቱ በሊትር ከ15 ሚሊግራም በታች ነው» የሚሉትም አሉ። ይህ መርከቦች ወደ ባሕር ለሚለቁት ውኃ የወጣ ቁጥር ነው፤ የሚለካውም ጠቅላላ ዘይትን እንጂ ጽንሱን የሚጎዳውን አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ተንሳፋፊው በመለያ ገንዳ ይገፈፋል፤ ተራው ገንዳ የሚይዘው ከ150 ማይክሮን (0.15 ሚሊሜትር) ገደማ በላይ ያለውን ጠብታ ነው። በታኝ የገባበት ውኃ እዚህ ላይ ያበቃለታል፤ ጠብታዎቹ ስለማይጋጠሙ ወደ ላይ አይወጡም። የቀረው በአሉም፣ ማለትም በአሉሚኒየም ጨው፣ እና በደቃቅ የአየር አረፋ ይንሳፈፋል። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 በታች ከወረደ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፦ የሟሟው አሉሚኒየም ራሱ ስንጥቡ ላይ ተጣብቆ ዓሣውን ያፍናል። ከዚያ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተራቸውን ይይዛሉ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ በሊትርም ቢያንስ 2 ሚሊግራም ያህል የሟሟ ኦክስጅን ካላገኙ በደንብ አይሠሩም። የሟሟውን መርዝ ለቅሞ የሚያስቀረው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ደቃቅ ቀዳዳ የበዛበት ከሰል፣ የመጨረሻው ነው። ካርቦኑን ቀድሞ ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ዘይት ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል።

ኃላፊው እርግጠኛ ከሆኑ የዓሣ እንቁላል በዚያው ውኃ ውስጥ እስኪፈለፈል ያቆዩና ልቡን በማይክሮስኮፕ ያሳዩን። ፈተናው የፀሐይ ብርሃን እያገኘ ይሁን፤ አልትራቫዮሌት የእነዚህን ውህዶች መርዛማነት ስለሚያባብስ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተገኘ «አልሞተም» ለወንዙ ዋስትና አይሆንም።