«ሜካኒዝሙ በዲኤፍቲ ተረጋግጧል» የምትሉ ሰዎች፣ እስኪ አንዴ ቆዩ!

ኧረ በፈጠራችሁ! ዲኤፍቲ የሞለኪውልን ኢነርጂ በኮምፒውተር የማስያ ዘዴ ነው፤ ሜካኒዝም ደግሞ ሪአክሽኑ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበት መንገድ። አንድ ኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲ (የትራንዚሽን ስቴት፣ ማለትም በሪአክታንትና በፕሮዳክት መሀል ያለው የኢነርጂ ጫፍ ምልክት የሆነ ንዝረት) ስለተገኘ ብቻ «ሜካኒዝሙ በስሌት ተረጋግጧል» ተብሎ ይጻፋል? ቴሲስ ሲገለጥ እሱ፣ ፖስተር ላይ እሱ፣ ዲፌንስ ላይ እሱ። ባለ ሦስት ቀለም የኢነርጂ ፕሮፋይል፣ እስከ ሁለት ዴሲማል የተጻፈ ቁጥር፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ቢ3ሊፕ፣ 6-31ጂ(ዲ)፣ ጋዝ ፌዝ»፤ ማለትም የስሌቱ ቀመር (ፈንክሽናሉ)፣ የኦርቢታል መግለጫው፣ ያለ ምንም ሶልቨንት (ማሟሚያ)። ሪአክሽኑ የተሠራው ግን ሜታኖል ውስጥ ነው፣ ያውም በ65 ዲግሪ።

ትራንዚሽን ስቴት ፍለጋ እንደሚያስለቅስ ማንም አይክድም። የሚፈጠረውን ቦንድ ከ3.0 አንግስትሮም ተነስቶ በ0.1 እያጠበቡ እስከ 1.6 ስካን ማድረግ፣ ከፍተኛውን ነጥብ ማንሳት፣ ፎርስ ኮንስታንቱን (የቦንዶቹን ጥንካሬ) መጀመሪያ አስልቶ ቅርጹን ኦፕቲማይዝ ማድረግ። አንድ ቦንድ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይህ ይሠራል። ካርቦን ከካርቦን እየተጣመረ ፕሮቶንም አብሮ ሲዘዋወር ግን ስካኑ ሽቅብ ሽቅብ ይልና ድንገት ገደል ይገባል። ያ ጫፍ ትራንዚሽን ስቴት አይደለም! ወደ ኋላ የቀረው ሁለተኛው ቦንድ በአንዴ የዘለለበት ቦታ ነው። ከእሱ የተነሳ ኦፕቲማይዜሽን ወይ ተንሸራትቶ ሪአክታንት ላይ ያርፋል፣ ወይ ምንም የማይመለከተውን የሜቲል ሽክርክሪት ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ከሪአክታንትም ከፕሮዳክትም ተነስቶ መንገዱን የሚዘረጋው ኤንኢቢ የሚባል ዘዴ ይሻላል፤ ኦርካ የሚባል የስሌት ፕሮግራም ውስጥ አለ፣ ለትምህርት ሥራ በነፃ ነው። ግን የአተሞቹ ተራ ቁጥር በሁለቱም ፋይል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሪአክታንት ላይ 14ኛ የነበረው ሃይድሮጅን ፕሮዳክት ላይ 17ኛ ከሆነ ፕሮግራሙ ሃይድሮጅኖችን ሲያቀያይር ያድራል።

መብራቱስ? የፍሪኩዌንሲ ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ሊጨርስ ሲል ጭልም! (ጋውሲያን በሚባለው የስሌት ፕሮግራም ላይ ኦፕቲማይዜሽን ከቼክፖይንት ፋይል ይቀጥላል። ፍሪኩዌንሲ ግን አርደብሊውኤፍ የሚባለው ጊዜያዊ የሥራ ፋይሉ ስም ተሰጥቶት ዲስክ ላይ ካልተቀመጠ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሰው አይገኝም።)

እሺ፣ ትራንዚሽን ስቴቱ ተገኘ እንበል። ኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲው −38 ዌቭነምበር (የንዝረት መለኪያ) ነው። −38! ፕሮቶን ሲዘዋወር ብዙውን ጊዜ ከ1000 በላይ ይሆናል፤ ካርቦንና ካርቦን ሲጣመሩ በመቶዎች። −38 ላይ የሚወዛወዘው ከሪአክሽኑ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ግሩፕ ሊሆን ይችላል። አኒሜሽኑን ከፍቶ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ትክክለኛ ቢመስል እንኳ አይአርሲ (ከጫፉ መንገዱን ተከትሎ የሚወርድ ስሌት) በሁለቱም አቅጣጫ ሳይሮጥ የሚጻፍ ነገር የለም። ጣርማ በር ላይ የቆመ ሰው መንገዱ ደብረ ብርሃንን ከደብረ ሲና እንደሚያገናኝ የሚያውቀው በሁለቱም በኩል ሲወርድ ነው። አይአርሲው መሀል ላይ ከቆመም የመጨረሻውን ነጥብ ወስዶ ኦፕቲማይዝ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያልታሰበ ኢንተርሚዲየት (መሀል ላይ የሚፈጠር ውህድ) ብቅ የሚለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ25 ዲግሪ ባሪየሩ (ሪአክሽኑ የሚወጣው የኢነርጂ ዳገት) ላይ 1.36 ኪሎካሎሪ በሞል ማለት በፍጥነት ላይ የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። 20 ኪሎካሎሪ ባሪየር ያለው አንደኛ ኦርደር ሪአክሽን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጋመሳል፤ 23 የሆነው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ 30 የሆነው ከ30 ዓመት በላይ። ታዲያ 1 እና 2 ኪሎካሎሪ በግዴለሽነት የሚጣልባቸውን ቦታዎች እዩልኝ። ፕሮግራሙ የሚያትመው ፍሪ ኢነርጂ የ1 አትሞስፌር ጋዝ ነው፤ ወደ 1 ሞላር ሲቀየር ሁለት ሞለኪውል ወደ አንድ የሚሆንበት ባሪየር በ1.89 ይወርዳል። አንዲት 10 ዌቭነምበር የሆነች ልፍስፍስ ንዝረት 100 ተደርጋ ብትቆጠር ፍሪ ኢነርጂው በ1.36 ይቀየራል፤ አንዲት ንዝረት ብቻዋን 10 እጥፍ! ለዚህ የኳዚ-ሃርሞኒክ ማስተካከያ አለ፤ ከ100 በታች ያሉትን ሁሉ ወደ 100 ማንሳት ቀላሉ ነው። ቢ3ሊፕ ብቻውን የዲስፐርሽን መሳሳብን (በሚቀራረቡ ግሩፖች መካከል ያለውን ደካማ መሳሳብ) አያውቅም፤ ትልልቅ ግሩፖች በሚቀራረቡበት ትራንዚሽን ስቴት ላይ ዲ3 የሚባለውን ማስተካከያ አለመጨመር ባሪየሩን ያለ አግባብ ይቆልለዋል፤ የዲ3 ማስተካከያ ከ2010 ጀምሮ በእጃችን ነው። ሙቀቱም ካልተነገረው ፕሮግራሙ ሁልጊዜ 298.15 ኬልቪን ነው የሚወስደው፤ ፍላስኩ −78 ላይ ይሁን 110 ላይ ምን አገባው!

ኮንፎርመር (ያው ሞለኪውል ቦንዶቹ ሲሽከረከሩ የሚይዘው ቅርጽ) ደግሞ የማንም ጉዳይ አይደለም። በእጅ የተሳለችው የመጀመሪያ ቅርጽ እስከ መጨረሻ ትሄዳለች። ክሬስት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኤክስቲቢ በሚባል ፈጣን ግምታዊ ስሌት በርካታ ቅርጾችን ፈልጎ ይደረድራል፣ ለመካከለኛ ሞለኪውል ተራ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ትራንዚሽን ስቴት ላይ ሲሆን የሚፈጠረውን ቦንድ ርቀት መቆለፍ አትርሱ፣ አለዚያ ይፈርሳል። ባሪየር ሲቆጠርም ወዲያው ከፊቱ ካለው ኢንተርሚዲየት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ካሉት ዝቅተኛው ላይ ነው መነሳት ያለበት። ጉድጓዱን ዘሎ ከጉብታው ላይ ጀምሮ «ባሪየሩ 9 ብቻ ነው» ማለት ምን ይሉታል?

«ይህ ሁሉ ማካበድ ነው» የሚል ካለ የሞሪታ-ቤይሊስ-ሂልማን ሪአክሽንን ታሪክ ያንብብ። አክሪሌትና አልዲሃይድ፣ ካታሊስቱ እንደ ዳብኮ ያለ ተርሸሪ አሚን። አሚኑ አክሪሌቱ ላይ ይገባል፣ ከዚያ የተፈጠረው ኢኖሌት (ኔጌቲቭ ቻርጅ የያዘው ክፍል) አልዲሃይዱን ይመታል፣ ከዚያ ፕሮቶን ከካርቦን ወደ ኦክስጅን መሄድ አለበት። ስሌት ከስሌት እየተከታተለ «አንድ የአልኮል ሞለኪውል ከዚህ ተቀብሎ እዚያ ያቀብላል» አለ፤ ፕሮቶን ሹትል። ትራንዚሽን ስቴቱ ያምራል፣ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። በ2015 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሲንግልተን ከፕላታ ጋር ሆነው ኢንተርሚዲየቶቹን ለብቻ አዘጋጅተው፣ አይሶቶፕ ኢፌክት (አተም በከባድ አይሶቶፑ ሲተካ የሚመጣውን የፍጥነት ለውጥ) ለክተው፣ ኪነቲክሱን ሠርተው ሹትሉን ውድቅ አደረጉት። እውነተኛው መንገድ ተራ አሲድና ቤዝ ነው፤ አንዱ ሜታኖል ፕሮቶን ይሰጣል፣ ለብቻው የሚንሳፈፍ ሜቶክሳይድ ሌላውን ያነሳል። ይህን ደግሞ ስሌቱ በቀላሉ አይችለውም። ለምን? ቻርጅ ያላቸው ነገሮች በኢምፕሊሲት ሶልቨንት (ሶልቨንቱ በሞለኪውል ሳይሆን እንደ ወጥ ነገር ሲቆጠር) ውስጥ ይበላሻሉ። ከእነዚህ የሶልቨንት ሞዴሎች ታዋቂው ኤስኤምዲ ራሱ በ2009 ሲወጣ ለአየኖች አማካይ ስህተቱ 4 ኪሎካሎሪ ያህል እንደሆነ ባለቤቶቹ ጽፈዋል። 4 ኪሎካሎሪ በፍጥነት ሲመነዘር ወደ 850 እጥፍ ነው! ሹትሉ የተመረጠው ለኮምፒውተሩ ስለተመቸ ነበር።

ስለዚህ ወገን፣ «ስሌቱ ከዚህ ሜካኒዝም ጋር ይስማማል» ብሎ መጻፍ ምን ይጎድለዋል? የተሰላውን የካይኔቲክ አይሶቶፕ ኢፌክት ከተለካው ጋር አስተያዩ፣ ተፎካካሪውን መንገድም በዚያው ሜተድ አስሉ፣ ፈንክሽናሉን ቀይራችሁ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ እንደሆነ እዩ። ኮኦርዲኔቱንም እባካችሁ በኤክስዋይዚ ፋይል አያይዙት። ፒዲኤፍ ውስጥ የገባ የስክሪን ፎቶ፣ ያውም የደበዘዘ፣ 64 አተም! ማን ቁጭ ብሎ ይተይበው?