ከገዢው በቀር ሁሉም የሚያውቀው ቤት

«አስቸኳይ ሽያጭ! ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ! ንጹሕ ካርታ! ለቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ!» አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ይህን በቀን ስንቴ እንደሚያነብ እግዜር ይቁጠረው። አንዱ ቤት በአምስት የቴሌግራም ቻናል በአምስት ዋጋ ይለጠፋል። ፎቶው ያው ነው፤ ካሬው ግን አንዱ ጋ 150፣ ሌላው ጋ 175። «ሰሚት አካባቢ» ይላል፤ «አካባቢ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሁለት ታክሲ ታስይዛለች። ዋጋው? «በውስጥ መስመር»።

ማስታወቂያ ቢዋሽ ግድ የለም፣ ሥራው ነው። የሚያናድደው ሌላ ነው፦ ሚሊዮኖች የሚከፍለው ሰው ስለሚገዛው ቤት እውነቱን ራሱ ሄዶ መጠየቅ አይችልም። ክፍለ ከተማ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ «ይህ ይዞታ ዕዳና ዕገዳ አለበት ወይ?» ብትሉ የሚመጣላችሁ መልስ «ባለይዞታው ነህ?» ነው። አይደለህም? በል ደህና ዋል። ፋይሉን ማስወጣት የሚችለው ባለይዞታው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ነው፤ ባንክና ፍርድ ቤት ደግሞ በደብዳቤ ይጠይቃሉ። እንግዲህ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው የሚችለው ሰው መስኮቱ ላይ ይጠይቃል፣ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው በር ላይ ይጠብቃል።

መውጫው አንድ ነው፤ ሻጩን ማስጠየቅ። ግን ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት! ማመልከቻውን ሲያስገባ አብራችሁ ሂዱ፣ የመልሱን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን እዩ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው የካርታ ቁጥር ዋናው ካርታ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። «ዋናው ካርታ አሁን እጄ ላይ የለም» የሚል ሻጭ ካርታውን ባንክ አስይዞታል ወይም አራጣ አበዳሪ ጋ አስቀምጦታል ብላችሁ ብታስቡ ምን ትጎዳላችሁ? ቢበዛ ይቀየማችኋል። ደብዳቤውም ቢሆን የጻፉበትን ቀን ብቻ ነው የሚመሰክረው። ዛሬ ነፃ የተባለ ፋይል ነገ የፍርድ ቤት ዕግድ ሊገባበት ይችላልና ከሦስት ወር በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ውል መፈረም ዋጋ የለውም።

ደላላው ይህን ሁሉ አይወድም። «ሌላ ገዢ ከሐዋሳ እየመጣ ነው፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣሉ!» ከሐዋሳ የሚመጣው ሰውዬ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ካፌ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ይወጣል፣ የሻጭና የገዢ ስም፣ የብሩ መጠን፣ ሁለት ምስክር (ሁለቱም የደላላው ጓደኞች)፣ አለቀ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ዕጥፍ ይመልሳል። ችግሩ፣ ዕገዳ ተገኝቶ ገዢው ሲያፈገፍግ «ያፈረስከው አንተ ነህ» መባሉ ነው። ስለዚህ «በይዞታው ላይ ዕዳ፣ ዕገዳ ወይም የሌላ ሰው የይገባኛል ጥያቄ ቢገኝ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል መስመር ካልገባ አትፈርሙ። ደግሞም ይህ ወረቀት የቤት ሽያጭ ውል ማለት አይደለም፤ ዋናው ውል የሚፈጸመው ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ነው።

እዚያም ቢሆን ወረቀት ተሟላ ማለት እውነቱ ተሟላ ማለት አይደለም። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም፣ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ሻጩ ያላገባ ማስረጃ ከወረዳ ይዞ ይመጣል፤ ጥሩ። ያ ወረቀት ግን አምና የተፋታት ሚስቱ ቤቱ ላይ ድርሻ እንዳላት አይነግራችሁም። ተፋትቶ እንደሆነ የፍቺ ውሳኔውንና የንብረት ክፍፍሉን አምጣ በሉት። የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ በወራሽነት ማረጋገጫው ላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ወይ ራሳቸው ይፈርሙ ወይ በወኪል።

ውክልና ላይ ደግሞ «ጠቅላላ ውክልና ነው፣ ሁሉን ይችላል» እያሉ ያደናብሯችኋል። ቤት ለመሸጥ ሥልጣኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ አሜሪካ የሞተ ሰው እዚህ በወኪሉ እጅ ቤት ሲሸጥ ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ወካዩን በቪዲዮ አናግሩ፣ ውክልናው አለመሻሩን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አጣሩ። ከኤምባሲ የመጣ ከሆነ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ ማለፉን እዩ።

ኮንዶሚኒየም? በዕጣ የተገኘ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይቻልም። «ግድ የለም፣ በውክልናና በብድር ውል እንጨርሳለን» ከተባላችሁ፣ የምትገዙት ቤት ሳይሆን ክስ ነው።

ስለ መሬቱም ሁሉም በልበ ሙሉነት ያወራል። አንዱ ጎበዝ ካርታው ላይ ያሉትን ኤክስና ዋይ ቁጥሮች (የቦታውን መገኛ የሚያሳዩትን) ጉግል ኧርዝ ላይ ያስገባና «ቦታው መንገድ ላይ ነው ያረፈው!» ብሎ ያስደነግጣችኋል፣ ወይም የጎረቤቱን ግቢ አሳይቶ ያስጎመጃችኋል። ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ ነው፤ ጉግል የሚጠቀመው ሌላ መነሻ፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። ቁጥሩን ሳይቀይሩ ካስገቡት ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ቀያሽ ቀጥሩ፤ የአራቱን ማዕዘን ችካል ያሳያችሁ፣ ግቢውን ይለካ። ካርታው 150 እያለ አጥሩ 175 ከያዘ፣ 25ቱ ካሬ የእናንተ አይደለም፤ ዋጋው ግን በ175 ነው የተሰላው። ካርታው ላይ ያለው ግንባታ ጂ+0 (ፎቅ የሌለው) ሆኖ ቆሞ የምታዩት ጂ+2 (ሁለት ፎቅ) ከሆነም የግንባታ ፈቃዱ የታለ?

የሪል ስቴቶቹ ካሬ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። 110 ካሬ ተብሎ የሚሸጠው አፓርታማ ደረጃውን፣ ሊፍቱንና ኮሪደሩን ያካተተ ነው። የጋራው 20 በመቶ ከሆነ በር ዘግታችሁ የምትኖሩበት 88 ካሬ ነው። ውሉ ላይ የተጣራው ካሬ ይጻፍ። የሕንፃው መሬት በባንክ ዕዳ ተይዞ እንደሆነም ጠይቁ፤ የሽያጭ ሠራተኛዋ ቡና ጋብዛችሁ ወሬ ከቀየረች መልሱን አግኝታችኋል።

ወጪውን በተመለከተ፦ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) አለ፣ የሻጩ ግብር በማን ይከፈል የሚል ጭቅጭቅ አለ። ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ መሬት) በውርስ ካልሆነ በቀር ሲተላለፍ በአዋጅ 721/2004 ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለመንግሥት ወደሚከፈልበት የመሬት ኪራይ፣ እንደሚገባ ደላላው ትንፍሽ አይልም። «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይላል እንጂ። ነገ ውሉ ቢፈርስ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ግብሩን በራሱ ግምት ያሰላዋል።

የካርታ ቁጥር አስገብቶ፣ በቴሌብር ትንሽ ብር ከፍሎ «ዕገዳ አለበት» ወይም «የለበትም» የሚል አንድ መስመር መልስ ማግኘት ይህን ያህል ከባድ ነው? የባለቤቱ ስም አይነገረን፣ ስልኩ አይነገረን፣ ስንት ልጅ እንዳለውም አንጠይቅ። አለበት ወይስ የለበትም?