ታሪካችን ከአውሮፕላን ማረፊያ አይጀምርም

የቤተ እስራኤልን ታሪክ ስለሚይዘው ሙዚየም በሰሞኑ ክርክር ከተሰነዘሩት ሐሳቦች አንዱ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሕዝቡ ወደ እስራኤል ባዶ እጁን ስለመጣ፣ በአውሮፕላን ካጓጓዙት ዘመቻዎች በፊት ለዕይታ የሚበቃ ዕቃ የለም፤ የብራና መጻሕፍቱም ፎቶ ተነስተዋል፤ ስለዚህ አንድ አዳራሽ፣ ትልቅ ስክሪንና የዘመቻ ሙሴና የዘመቻ ሰሎሞን ታሪክ ይበቃል ይላል። በጀት ጠበበ ቢባል እንነጋገርበት ነበር። ታሪክ የለም ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲወጣ ጓዝ የጫነ አልነበረም። በሱዳን በኩል በሌሊት በእግሩ የተጓዘውም ምጣድና ማረሻ ተሸክሞ አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሰው ሕይወቱንም በዚያው መንገድ ጥሏል። ይህን ማንም አይክድም። ግን ከኢራቅ የመጡት አይሁዶችስ? እ.ኤ.አ. በ1950 እና 1951 ከመቶ ሺህ በላይ ሆነው በአውሮፕላን ሲመጡ የብዙዎቹን ንብረት የኢራቅ መንግሥት አግዶባቸው ነበር። ሆኖም በ1973 ማዕከላቸውን መሠረቱ፣ በ1988 በእስራኤል ኦር ይሁዳ ከተማ ላይ ሙዚየማቸውን ከፈቱ። ጎብኚ እዚያ ሲገባ በተመሳሳይ ተሠርቶ በቆመው የባግዳድ የአይሁድ ሰፈር ጠባብ መንገድ ውስጥ ይሄዳል። ታሪካችሁ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይጀምራል ያላቸው የለም። ለእኛ ሲሆን ብቻ ነው የመጣንበት መጓጓዣ ከመጣንበት አገር የሚበልጠው።

አሁን ወደዚያ «ፎቶ ተነስቷል» ወደሚለው ልሂድ፤ ከሁሉም የሚያበሳጨው እሱ ነውና። በቄሶች፣ ማለትም በቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች፣ እጅ ካሉት የግዕዝ ኦሪቶች አንዳንዶቹን የጻፏቸው ክርስቲያን ጸሐፍት ናቸው። መጽሐፉ ወደ ቤተ እስራኤል እጅ ከገባ በኋላ የሥላሴ ስም ያለበት መስመር በስለት ይፋቃል። ያ የተፋቀ ቦታ ራሱ ሰነድ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር መጽሐፍ የሚገበያይ፣ እምነቱን ግን የማያስነካ ሕዝብ በገዛ እጁ የተወው ምልክት ነው። ከላይ ወደ ታች መብራት በርቶ በተነሳ ፎቶ ላይ ምን ይታያል? ደብዘዝ ያለ ባዶ ቦታ። መብራቱን ከጎን በጣም ዝቅ አድርገው ሲያበሩት ግን የተላጠው የቆዳው ፊት ሻካራነቱን ያሳያል፤ አልትራቫዮሌት ሲጨመርበት ደግሞ አንዳንዴ የተፋቀው ፊደል ራሱ ብቅ ይላል። ለዚህ መጽሐፉ ራሱ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ጥራዙ በስንት ቅጠል እንደታጠፈ፣ ገበታው በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰፋ፣ የትኛው ቅጠል ከሌላ መጽሐፍ እንደገባ፣ ይህን ሁሉ ገጽ በገጽ የተነሳ ፎቶ አይነግርም። ፎቶ ያስፈልጋል፤ መለኪያና የቀለም ካርድ ጎኑ ተቀምጦ፣ ሳይታመቅ በቲፍ ፋይል። ግን ፎቶ መኖሩን መጽሐፉን ለመጣል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ሥራውን ፈጽሞ ያለማወቅ ነው።

መጽሐፉስ የት ነው ያለው? ከፊሉ በቤተ መጻሕፍት ነው፤ የቤተ እስራኤል አጥኚው የፋይትሎቪች ስብስብ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ፣ የፈረንሳዊው ተጓዥ የዳባዲ ደግሞ ፓሪስ። ሌላው ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ነው፤ በነታንያ፣ በአሽዶድ፣ በቤርሳቤህ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት። ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህ ሲደጋገም ቅጠሉ ይጨማደድና ቀለሙ ይረግፋል። የደጋ አየር የለመደው መጽሐፍ ባሕር ዳርቻ ላይ በላስቲክ ሲታፈን ሻጋታ ያወጣል። የሚፈልገው ከአሲድ ነፃ የሆነ ሣጥን፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት፣ 50 በመቶ አካባቢ የሆነና የማይዋዥቅ የአየር እርጥበት ነው። ለዕይታ ሲወጣ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ይረፍ፤ ሲከፈትም በትራስ ተደግፎ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ እንጂ ለጥ ተደርጎ አይዘርጋ፣ ስፌቱ ይበጠሳል። ለቴሌቪዥን የሚያምረው ነጭ የጥጥ ጓንትም አይጠቅምም፤ ጣት ስሜቱን ያጣና ቅጠሉን ይቀድዳል። የታጠበና የደረቀ እጅ ይሻላል። ይህ ሁሉ አንድ በደንብ የተዘጋ ክፍል እንጂ ቤተ መንግሥት አይጠይቅም።

በጎንደር አጠገብ ያለችውን የቤተ እስራኤል መንደር የወለቃን ሸክላ ምስሎች በመስታወት ደርድሮ «ጥንታዊ ቅርስ» ብሎ ለመጻፍ የሚቸኩልም አይጠፋም። አብዛኞቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ይህም ታሪክ ነው፤ ግን በስሙ ይጠራ። ሥራውን ለማሳየት ከተፈለገ ወናፉና ጉጠቱ፣ የሸማኔው መወርወሪያ፣ የሸክላ ሠሪዋ ማለስለሻ ድንጋይ ይቅረብ፤ ማን እንደሠራበትና የየት መንደር እንደሆነም ዕቃው ሲገባ በዚያው ቀን መዝገብ ላይ ይስፈር። ከዓመት በኋላ የሚያስታውስ አይገኝም።

የጸሎቱ ድምፅ ደግሞ በካሴት ላይ ነው። በየቤቱ ያለ ካሴት ሲሰበሰብ መጀመሪያ በላዩ ሌላ እንዳይቀረጽበት ከላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ምላሶች ይሰበሩ፣ የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጠረግ፣ ማዕዘኑ ለእያንዳንዱ ካሴት ይስተካከል፤ አለዚያ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ዋቭ ፋይል ይቀዳ። በስልክ ቀድቶ ኤምፒስሪ ማድረግ ማበላሸት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በግዕዙ መሃል የሚገባውን አገውኛ ለይቶ የሚያውቀው፣ ነጋሪቱና ቃጭሉ የት ላይ እንደሚገቡ የሚናገረው ቄሱ ነው። በልጅነታቸው ከቤተ እስራኤል መነኮሳት እግር ሥር የተማሩት ደግሞ እያረጁ ነው።

ስለዚህ ቄሶቹን በምርቃት ቀን ጥምጥምና ጃንጥላ ይዘው እንዲቆሙ ብቻ የሚጠራ ኮሚቴ አንፈልግም። ድምፅ ያለው ወንበር ይሰጣቸው፣ ለሚያስረዱበት ሰዓትም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈላቸው፤ ቀረጻው በዕድሜ ከሁሉም ከገፉት ይጀመር። ይህን ለመጀመር የሕንፃው መሠረት እስኪጣል መጠበቅ አያሻም፤ ሁለት መቅረጫና የሦስት ሰው ደመወዝ ይበቃል።