አሥራ ሁለት እግዚኦ

የባለቤቴ አክስት ያረፉ ጊዜ ዘጌ ለቅሶ ቤት አደርን። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደርድረን ተኛን። ጠዋት ቡና ሲቀርብ፣ ከጎኔ ያደሩት ቄስ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ። የባለቤቴ አጎት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሞት ስትነሳ ነው ያደርከው» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባ ግን አልሳቁም። «ታንኮራፋለህ፣ ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ጸጥ። አንዴማ አሥራ ሁለት እግዚኦ እስክል አልተነፈስክም። ልቀሰቅስህ እጄን ስዘረጋ እንደታነቀ ሰው አጓርተህ ተነፈስክ።»

በኋላ ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። አሥራ ሁለት እግዚኦ፣ ሳይቸኩሉ ከተባለ፣ ሃያ ሰከንድ ያልፋል። ሐኪሞቹ ደግሞ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆመን ትንፋሽ ነው የሚቆጥሩት።

ያን ጊዜ የደም ግፊት ክትትል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተጨምሮልኛል። ጨው ቀንስ ተብዬ ቀንሻለሁ። ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ አፌ ደርቆ ያድራል፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ስኳር ይሆናል ብዬ ተመረመርኩ፣ የለም። ስብሰባ ላይ አንቀላፋለሁ፤ ግን ስብሰባ ላይ የማያንቀላፋ ማን አለ? በዚህ ሁሉ ጊዜ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ያለኝ ባለሙያ የለም። እኔም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ተኝቼ የሆነውን በምን አውቃለሁ?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህን በሽታ፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆምን (ስሊፕ አፕኒያ)፣ የሚያውቀው ታማሚው ሳይሆን አጠገቡ የሚተኛው ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይቀሰቅሰናል፣ እንተነፍሳለን፣ ተመልሰን እንተኛለን። ጠዋት አንዱም ትዝ አይለንም። ግፊቱ ግን በእያንዳንዱ ድንጋጤ ይወጣል። የእኔ ትንፋሽ በሰዓት 34 ጊዜ ይቋረጥ ነበር። ከ30 ካለፈ ከባድ ይባላል። ይህን ያወቅሁት አዲስ አበባ ሄጄ፣ ጣቴና ደረቴ ላይ መሣሪያ ታስሮልኝ አንድ ሌሊት ተኝቼ ነው።

ባለቤቴስ? እሷማ ጩኸቱ ሲበዛባት ከልጆቹ ጋር መተኛት ከጀመረች ቆይታለች። ምስክሬ ክፍል ቀይራለች ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ሌሊት ታንቄ ስነቃ አንዴ አይታኝ «ዱካክ ነው» ብላ ትራሴ ስር ዳዊት አኖረችልኝ። አሁንም እዚያው ነው፣ አላነሳሁትም። የቀረው ዘመድ ማንኮራፋትን የድሎት ምልክት ያደርገዋል። «ደልቶት ነው፣ ተዉት ይተኛ!»

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ከተማችን ውስጥ የግፊት ክትትል በሚደረግበት ሁሉ ካርዱ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር። ያንኮራፋሉ ወይ? ትንፋሽዎ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ? መልሱን ከታማሚው ብቻ አትቀበሉ፤ አብሮት የሚያድረው ሰው ይጠየቅ። ሜትር ካለም አንገቱ ይለካ፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አንድ ተጨማሪ ጥርጣሬ ነው። ይህ ማሽን አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም። በተለይ ሾፌሮችን ጠይቁልኝ። ከባሕር ዳር ተነስቶ የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሰው መሪ ላይ ቢያንቀላፋ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም።

«ካወቅን በኋላስ ምን እናደርጋለን? ሕክምናው የሀብታም ነው» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ዋናው መሣሪያ ሲፓፕ ይባላል። በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ለዓለም ያሳወቀው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔን እህቴ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዛ መጣች። ያገለገለ ዕቃ የሚመጣላችሁ ግን ሞዴሉን ሳታጣሩ አትልበሱት፤ ፊሊፕስ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ ስለሚፈርስ ብዙ መሣሪያዎቹን ከገበያ ሰብስቧል።

የመጀመሪያውን ሳምንት አልዋሻችሁም፣ ጠላሁት። በግንቦት ሙቀት ጭምብል ለብሶ መተኛት ቀላል አይደለም። ልጄ «አባቢ ዝሆን ሆነ» ብላ ጎረቤት ሁሉ አወራች። በአሥረኛው ቀን ግን አንዴም ለሽንት ሳልነሳ ነጋ። ባለቤቴ ወደ ክፍላችን ተመለሰች።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑም ይጠፋል። ከጣና በተቀዳ ውኃ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት ማመንጫ ተሠርቷል፤ እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች ሻማ ስንፈልግ እናመሻለን። ባትሪ ገዛሁ። የእርጥበት ማድረጊያውን ሳጠፋው ባትሪው ረዘም ያለ ጊዜ ይቆይልኛል።

ማሽን ለሌለው ግን የሚደረግ አለ። በጎን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል፤ በካናቴራዬ ጀርባ ኪስ አሰፍቼ ኳስ ከትቼበታለሁ፣ በጀርባዬ ስገለበጥ ይቆረቁረኛል። ማታ አረቄና ጠላ መተው፣ ያለ ሐኪም የእንቅልፍ ኪኒን አለመውሰድ፤ መጠጡም ኪኒኑም ጉሮሮን ያላላሉ። ክብደት መቀነስ ለወፍራሞቻችን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ የአፍ መሣሪያም አለ፣ ቀለል ላለው ይሆናል። ልጅ ሲያንኮራፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቶንሲሉ ነው፤ ቢታይ ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የክብደት መቀነሻ መርፌ እንዳለም ሰምታችሁ ይሆናል። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ወፍራም ብቻ የሚይዘው አይምሰላችሁ። መንጋጋው ወደ ኋላ ገባ ያለ ቀጭን ሰውም ይታመማል።

ባለፈው ለአክስታችን ሙት ዓመት ዘጌ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ሶኬት ስለሌለ ማሽኑን ቤት ትቼ ኳሷን ለብሼ ሄድኩ። ፍራሼ አሁንም ከአባ ጎን ነበር። እንደ ሸምበቆ ቀጭን ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይጾማሉ። ከእኔ ቀድመው ተኙ። ማንኮራፋት ጀመሩ። ከዚያ ጸጥ አሉ።

ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ስምንተኛው እግዚኦ ላይ ስደርስ ተነፈሱ።